ዳገቱ የማይመልሰው ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እንዴት ይመዘናል?



የዛሬውን ንግግር ያስነሳው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ሸዋ ሮቢት የሚኖር ዘመዴ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ዋጋ ተነጋግሮ፣ «አንድ ጊዜ ሲሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይፈልጋል። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። መልሱን ለመስጠት ስሞክር ግን በመካከላችን ጣርማ በር እንዳለ ትዝ አለኝ።

ከዚህ በደሴ መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ላይ ከተጓዝን በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን በስቶ የተሠራው ዋሻ እንደሚገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዋሻው ማዶ መሬቱ ድንገት ይከዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው በር እስከ 1300 ሜትር ገደማ የሚወርደው ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ነው። በአገራችን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ዳገት ማስወጣቱ የቆየ ልማድ ነው። ሞተሩ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? በሁለተኛ ማርሽ ይስባል? ዳገቱ ለእነዚህ ሁሉ በታማኝነት መልስ ይሰጥ ነበር። ከፍታው ራሱ ፈተና ነበር፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሲሦ የሚጠጋውን ያጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ፈተና ያለ ላብ ያልፈዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያ አቅሙ 70 በመቶ ብቻ የቀረለት ባትሪ፣ እስከ አፉ ከተሞላ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ልክ እንደ አዲሱ እየፈጠነ ይወጣዋል። ገዢው ይደሰታል፤ ሻጩም አልዋሸም። ዳገቱ የሚመልሰው «ይስባል ወይ?» የሚለውን ነው፤ «ምን ያህል ቀረው?» የሚለውን ግን አይመልስም።

ጉዳዩ ዛሬ የጥቂቶች አይደለም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። ያኔ በጅምላ የገቡት መኪኖች አሁን ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ላይ እየደረሱ ነው። ገዢው ሊብሬውን ያያል፣ ሻንሲውን ያመሳክራል፣ ቀለሙን በጣቱ ይነካል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውድ የሆነው ግን ከወለሉ ሥር ተሸሽጎ ተኝቷል።

ባትሪ «አረጀ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በሊቲየም አዮን ሴል ውስጥ የግራፋይቱ ገጽ ከኤሌክትሮላይቱ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እሱ ሴሉ አይሠራም። ነገር ግን ከዓመት ዓመት እየወፈረ በሄደ ቁጥር ሊሠራ የሚገባውን ሊቲየም እየዋጠ ያስቀራል። እድገቱ በመጀመሪያ ፈጠን ያለ፣ በኋላ ረጋ ያለ ነው፤ በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆምም እንዲሁ። መኪናው ባይነዳም ያረጃል ማለት ነው። «ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ለነዳጅ መኪና ትልቅ ምስክርነት ነበር፤ እዚህ ግን ግማሽ ምስክርነት ብቻ ነው። ቆላ ውስጥ መቶ በመቶ ተሞልቶ ለወራት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና፣ ደጋ ላይ በየቀኑ ከተነዳው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል።

ከአቅም መቀነስ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ እርጅናም አለ፤ የውስጣዊ ተቃውሞ መጨመር ነው። ሴሉ ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይሞቃልም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። አቅም የእንስራው ስፋት ነው፤ ተቃውሞ የአፉ ጥበት ነው።

እንግዲህ ገዢው ምን ማየት ይችላል? መጀመሪያ የሚያየው በመሪው ፊት የሚታየውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ልኬት ነው ብሎ መቀበል አይገባም፤ ትንበያ ነው። ኮምፒውተሩ ሰሞኑን የነበረውን ፍጆታ አይቶ ወደፊት ይገምታል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ጉልበት ሲመልስ ስለቆየ የተጋነነ ቁጥር ያሳያል፤ ያው መኪና ያን መንገድ ወደ ላይ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ያሽቆለቆለ ቁጥር ያሳያል። በባትሪው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ከቻይና ገበያ የመጡ መኪኖች ወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀትም በዚያው አገር የሙከራ ሥርዓት የተለካ ነው፤ ሥርዓቱ ለዘብ ያለ በመሆኑ አዲስ መኪና እንኳ በእኛ መንገድ እምብዛም አይደርስበትም። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ «ባትሪው ይህን ያህል ወርዷል» ማለት ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው፣ በጋራዥ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ የሚነበበው «የባትሪ ጤና» በመቶኛ ነው። ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ሆኖም ይህንንም የሚያሰላው የመኪናው የራሱ ኮምፒውተር መሆኑን መርሳት የለብንም። የኒሳን ሊፍ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው። የዚህ መኪና የመጀመሪያ ሞዴሎች ባትሪውን በፈሳሽ አያቀዘቅዙም፤ አቅሙን በ12 ትናንሽ መስመሮች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የሚኖሩ ባለቤቶች መስመሮቹ ባልጠበቁት ፍጥነት መጥፋታቸውን ገለጹ፤ ኩባንያው በኋላ በ5 ዓመት ወይም በ60 ሺህ ማይል ውስጥ ከ9 መስመር በታች ለወረደ ባትሪ ዋስትና ሰጠ። የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋው ወደ 15 በመቶ ያህል አቅም ከጠፋ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «12ቱም መስመር አለ» ማለት «ምንም አልጎደለም» ማለት አይደለም። ከዚህም የሚብሰው፣ በኮምፒውተሩ የተመዘገበውን መረጃ በማጥፋት መስመሮቹ ለጊዜው ሞልተው እንዲታዩ ማድረግ መቻሉ ነው። የነዳጅ መኪናን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚያዞር እጅ እዚህም ሥራ አላጣም።

ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ይቀረናል፤ የገባውን ጉልበት ራሳችን መለካት። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። የገባውን ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያሳይ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ካለ (ለምሳሌ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከከፈተው ዓይነት) መኪናውን ወደዚያ መውሰድ ነው። እንበል፣ መኪናው አዲስ ሳለ ሊሠራበት የሚችለው አቅም 62 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር። ከ20 በመቶ እስከ 80 በመቶ ሞላነው፤ ጣቢያው 33 ኪሎ ዋት ሰዓት አስገባሁ አለ። ለሙቀትና ለማቀዝቀዣ 5 በመቶ ያህል እንቀንስ፤ 31 ተኩል ገደማ ይቀራል። ይህ የ60 በመቶ ድርሻ ስለሆነ ሙሉው 52 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 52 ለ62 ሲካፈል 84 በመቶ ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ስለ ስህተት ወሰን እንድታስቡ እፈልጋለሁ። በሁለቱም ጫፍ የሚታየው መቶኛ የተጠጋጋ ነው። ከ60 መቶኛ ላይ አንድ ነጥብ ብንሳሳት ውጤታችን ከ2 በመቶ ባነሰ ይዛባል፤ ከ10 መቶኛ ላይ ያንኑ ብንሳሳት 10 በመቶ ይዛባል። ሻጩ «ለአሥር ደቂቃ ሰክተን እንየው» ካለ፣ ያ ልኬት ባይደረግ ይሻላል። ጣቢያ ከሌለ የቤት ቆጣሪ ያገለግላል፤ መኪናው ብቻውን በተሰካበት ሌሊት ቆጣሪውን በፊትና በኋላ ማንበብ ነው። በተራ ሶኬት ሲሆን ብክነቱ ከ10 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል ግምቱ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ ከመስመር ቆጠራ ይበልጣል። በሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሠሩ ባትሪዎች፣ የቢዋይዲ ብሌድ ከእነርሱ አንዱ ነው፣ ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቮልቴጃቸው በመካከለኛው ክልል ላይ ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም፤ ኮምፒውተሩ መቶኛውን ሊስት ይችላል። እነዚህን እስከ መቶ በመቶ ሞልቶ ከላይ ወደታች መለካት ይመረጣል።

የወቅቱም ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ለጊዜው ያነሰ ይሰጣል፤ ይህ እርጅና አይደለም፣ ሲሞቅ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት የፈተነ ሰው ደህናውን መኪና ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በተቃራኒው ሴሎቹ እንደቀዘቀዙ በፈጣን ጣቢያ መሙላት ሊቲየሙ በብረትነት እንዲለጠፍ ስለሚያደርግ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ለዚህ ሲሉ በብርድ የመሙላት ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ዳገቱ ልመለስ፤ ስሙን አጥፍቼ ልተወው አልፈልግም። አቅምን ባይለካም ደካማ ሴልን ያጋልጣል። በባትሪው ውስጥ ሴሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሊፎች ውስጥ 96 ጥንዶች በተከታታይ ናቸው። አንዱ ቀድሞ ባዶ ሲሆን ሌሎቹ ቢኖራቸውም መኪናው ይቆማል። ስለዚህ የየሴሉን ቮልቴጅ የሚያሳይ መሣሪያ ተሰክቶ፣ ባትሪው 30 በመቶ ገደማ ላይ ሳለ፣ ከደብረ ሲና ወደ ዋሻው መውጣት ነው። ሁሉም አብረው ዝቅ ካሉ መልካም ነው። አንዱ ለብቻው ከመንጋው ተነጥሎ ከወረደ፣ አማካዩ ምንም ያህል ቢያምር ያ መኪና በሽተኛ ነው። ሻጮች መኪናውን ሞልተው ማቅረብ የሚወዱት ከትሕትና ብቻ አይመስለኝም፤ ሙሉ ባትሪ ደካማውን ይደብቃል። ሙሉ ሆኖ ከዋሻው ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያኖርበት ቦታ ስለማያገኝ ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። ለቁልቁለቱ እንግዳ የሆነ አሽከርካሪ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

ስለ ዋስትና በአጭሩ፦ ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በሦስተኛ ወገን በኩል የገባ መኪና ዋስትናው እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን ሻጩ በቃል ሳይሆን በወረቀት ያሳይ።

ለዘመዴ የሰጠሁት መልስ እንዲህ ነበር። ከነተሳፋሪው 2200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያወጣል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 11 ያህል ማለት ነው። እስከዚህ ያለው 95 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሜዳ ቢሆን ኖሮ 16 ያስፈልገው ነበር። ድምሩ 27። ማታ ሲመለስ ቁልቁለቱ ከፊሉን ስለሚመልስለት 12 ይበቃዋል። ደርሶ መልስ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 84 በመቶ የቀረለት ባትሪ 52 ይይዛል፤ እዚህ ሳይሞላ በሰላም ቤቱ ይገባል። 70 በመቶ የቀረለት 43 ይይዛል፤ 4 ብቻ ይተርፈዋል፣ እሱንም በታኅሣሥ ማለዳ ማሞቂያው ይበላዋል። ሁለቱ መኪኖች ዳገቱን እኩል ይወጣሉ፤ በደላላው ስልክ ላይ ያለው ፎቶም አንድ ዓይነት ነው።

ዘመዴ ሻጩን አንድ ሌሊት በቤት ቆጣሪ እንዲያስሞላለት ጠይቆት ነበር። ሻጩ እያቅማማ ነው። ውጤቱን እኔም እየጠበቅሁ ነው፤ እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።