ዚያራችን የመከፋፈያ በር አይሁን
(ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

  

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የማነሳው በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። እናት ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ልትወጣ ስንቅ ስትቋጥር ልጇ «ሽርክ ነው» ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። እሷ ታለቅሳለች። ጎረቤት ደግሞ ልጁን «ወሃቢያ»፣ እናቲቱን «ሱፊ» ብሎ ስም ያወጣላቸዋል። ትናንት አብረው የሰገዱ ናቸው! ከ2003 ክረምት የአህባሽ ሥልጠና ወዲህ እነዚህ ሁለት ስሞች ማንን እንደሚጠቅሙ እያየን ነው። ሱፊውን ከአክራሪ እየጠበቅን ነው የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

መጀመሪያ የማንጣላበትን እንያዝ። ቀብር መዘየርን ነቢያችን አስቀድመው ከልክለው ኋላ ፈቅደውታል፤ አኺራን ያስታውሳልና። ራሳቸውም ወደ በቂዕ እየሄዱ ለሙታን ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሟቹ ወሊይ ስለሆነ ይህ አይሻርም። ሰላምታ አቅርበን፣ ለሟቹ ዱዓ አድርገን፣ ሐጃችንን ለአላህ ከነገርን ዚያራ ነው። ሟቹን ራሱን «ልጅ ስጠኝ፣ በሽታዬን አንሳልኝ» ካልን ወይም ለቀብሩ ከሰገድን ግን ተውሒዳችንን ነክተናል። በደጋጎች ስም አላህን መለመን፣ ተወሱል የሚባለው፣ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው። እነሱ ኪታብ ዘርግተው ይነጋገሩበት፤ እናት የሚያስለቅስ ነገር አይደለም።

ደግሞስ ዚያራ ድሪሁ ብቻ ነው እንዴ? ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ዓሊም ነበሩ። ዳናም ጌታም እንዲሁ የዒልም ቤት ናቸው። ሐሪማው ውስጥ ደረሳ ፊቅህና ነህው ይቀራል፣ ደም የተቃቡ ይታረቃሉ፣ የራበው ይበላል። በመስጊድ ቦታ ያልተዘጋጀላቸው እናቶቻችንም ከዱዓውና ከመንዙማው ዲናቸውን ሰምተዋል። ፊደል ያልቆጠረች እናት የነቢዩን ሲራ ያወቀችው በመንዙማ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በአንድ ቃል ማፍረስ ይቀላል፤ በምን እንደምንተካው ግን ማንም አልነገረንም።

ሱፊ ማለት የታዘዘውን ተቀብሎ ዝም የሚል ሙስሊም ነው ለሚሉን ደግሞ ታሪክ አለን። በ1870 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ተብሎ ሲገደድ፣ ከተቃወሙት ግንባር ቀደሙ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ናቸው። በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ግጥም የገጠሙ፣ የሐሪማ ሰው! ዲናችንን ያቆዩልን እንዲህ ያሉ ሸኾች ናቸውና ስማቸውን ለሌላ ዓላማ ማንም አይበደረው።

ባሌም ተመልከቱ። ድሬ ሼኽ ሁሴን ላይ ያለውን ሕንፃ ያሠሩት የሐረሩ አሚር ዐብዱሽሹኩር እንደሆኑ ይነገራል። ዘያሪው ጫፉ ሹካ የሆነ በትሩን ይዞ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። በ2003 ቦታው በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። መልካም ነው። ግን ግንቡ ፎቶ እየተነሣ ደረሳው ቢበተን ምን እንጠቅማለን?

ጉድለት የለም አልልም። ጫት ይዞ ተቀምጦ ፈጅርን የሚያሳልፍ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዱዓ አድርጎ ፈርዱን መተው ምን ይሉታል! የስለት ገንዘብ ኪሱ የሚከት ኻድምም አለ። ስለት ለአላህ ነው፤ ሥጋው ለሚስኪን ነው። ይህን ማረም ያለብን እዚያው ገብተን፣ በአደብ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ የዘንድሮ መውሊድ ሲደርስ እናታችሁን በር ላይ አትከልክሉ፤ አብራችሁ ሂዱ። ሰላት ሲደርስ ውዱእ ውኃዋን አቅርቡ፣ በቀብሩ ዘንድ የሚባለውን ዱዓ በቀስታ አስተምሯት። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ለደረሳው ዱቄትና ቡና፣ ከተገኘም ኪታብ ያዙ። ሸኹ ዘንድ ቁጭ በሉና የልባችሁን ጥያቄ ጠይቁ። «ወሃቢያ ነው» የተባለው ልጅ ከሐሪማው ሸኽ ጋር ኪታብ ሲቀራ ጎረቤት ይይ።