የናፍጣ መኪናችን ለምን ያጨሳል? ማጣሪያውስ ለምን ይደፈናል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ ስም የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ማኅበራችን ይህን ጉዳይ ያነሳው ሁላችሁም በዓይናችሁ የምታዩት፣ በአፍንጫችሁም የምታሸቱት ስለሆነ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከአብነት እስከ ኮካ ያለው መንገዳችን ጠዋትና ማታ በናፍጣ ጭስ ይታፈናል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስ የለውም። የሚያጨሰው የኛው መኪና ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎች በአሮጌ የናፍጣ መኪና እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው። ስለዚህ የመጣነው ባለመኪናውን ልናወግዝ ሳይሆን፣ ሕመሙን አውቀን በትንሽ ወጪ እንድናድን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

በመጀመሪያ ጉዳቱን እንይ። የናፍጣ ጥላሸት እጅግ ደቃቅ ነው። አብዛኛው ከሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያንሳል፤ ስለዚህ አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን አስታውቋል። ታክሲ ተራ ላይ ቆመው የሚውሉት ረዳቶች፣ በመንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት እናቶቻችን፣ ቁመታቸው ከጭስ መውጫው ብዙም የማይበልጠው ልጆቻችን ከሁሉ ቀድመው ይህን ይተነፍሳሉ።

ቀጥሎ ስለ ማጣሪያው። እንደ ዶልፊን ያሉት የቀድሞ መኪናዎች የጥላሸት ማጣሪያ የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ግን ፋብሪካዎች ከማርሚታው በፊት ማጣሪያ ማድረግ ጀመሩ፤ በአውሮፓም ከ2009 ወዲህ በወጣው ደንብ ምክንያት ለአዳዲስ የናፍጣ መኪናዎች የግድ ሆነ። ማጣሪያው ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ነው። ጭሱ በግድግዳው በኩል ያልፋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ይቃጠልና ማጣሪያው ይጸዳል። ታዲያ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ማቃጠል መኪናው ሳይቆም ጥቂት ደቂቃ በደህና ፍጥነት መሄድ ይፈልጋል። የኛ መኪና ደግሞ ከልደታ ሜክሲኮ ደርሶ፣ በመጨናነቅ ቆሞ፣ ይመለሳል። ሞተሩ ማቃጠል ይጀምራል፣ ሳይጨርስ ይጠፋል፤ ጥላሸቱም እየበዛ ይሄዳል።

ማጣሪያው መደፈኑን የሚያሳዩ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ዳሽቦርዱ ላይ የማጣሪያው መብራት ይበራል።
2ኛ/ መኪናው ዳገት ላይ አቅም ያጣል፣ ናፍጣ ይበላል።
3ኛ/ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ቬንትሌተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ይህ የሚሆነው ማቃጠሉ በመካከል ሲቋረጥ ነው።
4ኛ/ የሞተር ዘይት መጠኑ ይጨምራል። ለማቃጠል የተረጨው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ ነው። ዘይት ጨመረ ብሎ ደስ የሚለው ካለ ተሳስቷል፤ የቀጠነ ዘይት ሞተር ይፈጃል።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይኸውላችሁ። ማጣሪያው ብዙ ጊዜ በሽተኛው እንጂ በሽታው አይደለም። አንድ የሰፈራችን ባለመኪና «ማጣሪያው ሞቷል» ተብሎ ብዙ ብር አውጥቶ አስለወጠ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አዲሱም ተደፈነ። በኋላ ሲመረመር አንደኛው ኖዝል ናፍጣ ያንጠባጥብ ነበር። አስቀድሞ ኖዝሉ ቢታይ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ለልጆቹ ቀለብ ይሆን ነበር። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንመርምር፦

ሀ) መኪናውን በኮምፒዩተር የሚያይ ጋራዥ ወስደን የተመዘገበውን ስሕተት እናስነብብ፤ ሳያስነብቡ ዕቃ አንግዛ።
ለ) ማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ልዩነቱ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ካልሆነ የታመመው ሴንሰሩ ነው። ወደሱ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም የተሰነጠቁ ወይም የተደፈኑ እንዳይሆኑ ይታዩ።
ሐ) የአየር ፊልትሮው ይታይ። በአቧራ ከተደፈነ አየር ያንሳል፣ ጥላሸት ይበዛል። ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል።
መ) ኖዝሎቹ ይፈተሹ፤ ተርቦው ዘይት እንዳያሾልክ ይታይ።
ሠ) ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ማጣሪያው አሁንም ከሞላ፣ የቀረው አመድ ሊሆን ይችላል። አመድ ከሞተር ዘይት ይመጣል፤ በእሳት አይጠፋም። ያን ጊዜ ማጣሪያው ወጥቶ በሚያውቅ ባለሙያ ይጸዳል ወይም ይለወጣል። ለዚህም ነው ለእንዲህ ዓይነት መኪና አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት የሚያዘው።

አንዳንድ መካኒኮች «ቀዳደን ውስጡን እናውጣው፣ ትገላገላለህ» ይላሉ። ይህን አንቀበል። የሚያንጠባጥበው ኖዝል እንዳለ ይቀራል፣ ጥላሸቱም ወደ ጎረቤት ልጅ ሳንባ ይሄዳል። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፦ ማጣሪያው ደህና የሆነ መኪና የጭስ መውጫው ውስጥ በጣት ሲጠረግ ጥላሸት አይገኝም። ጥቁር ከሆነ ማጣሪያው ተሰብሯል፣ ወይም የለም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ይሞክር።

ማጣሪያ የሌላቸው መኪናዎችስ? እነሱን ጭሳቸው ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይለቅ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ውኃ ገብቷል። ደግሞም ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጉልበት ይጨምርልኝ ብሎ ፖምፓውን ማስከፈት እዚህ የሚጨምረው ጭሱንና የናፍጣ ወጪውን ነው።

ጥንቃቄም አንርሳ። ማጣሪያው ሲያቃጥል እጅግ ስለሚግል መኪናውን ደረቅ ሣርና ቆሻሻ ላይ አናቁም። በተዘጋ ጊቢ ውስጥ ሞተር አስነስተን አንቀመጥ፤ ጭሱ ይገድላል።

ወገኖቻችን! በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት አሮጌዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል፦ የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ አንጠብቅ፤ የአየር ፊልትሮ በጊዜው እናስለውጥ፤ ቆመን ስንጠብቅ ሞተር እናጥፋ፤ ማጣሪያ ያለው መኪና የያዘ ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ ያስኬደው። በሰፈራችን ያላችሁ መካኒኮችም ለጎረቤት መጀመሪያ ርካሹን ፈትሻችሁ ከዚያ ወደ ውዱ እንድትሄዱ አደራ እንላለን።

የመኪናው ባለቤት አንድ ነው፤ ጭሱ ግን የሁላችን ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ልደታ፣ አዲስ አበባ