ደሙን ያፈሰሰው ልጅ ድምፅ

(ባለፈው እሑድ ለጥቂት የሙዚቃ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ)

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማሰማችሁ ዘፈን ዘፋኝ የለውም፡፡ ክራር የለ፣ ከበሮ የለ፣ ኦርጋን የለ፡፡ ያለው የአንድ የተደበደበ ልጅ ድምፅ ብቻ ነው፡፡ «ታዲያ ይሄ ምኑ ዘፈን ነው?» የሚል አይጠፋም፡፡ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፡፡ ብቻ ታገሱኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሀርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ፖሊሶች ዳንኤል ሃም የተባለ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ይዘው ጣቢያ አስገብተው ቀጠቀጡት፡፡ ሐኪም ቤት የሚወሰደው ግን ደም የሚፈሰው ብቻ ነው ተባለ፡፡ ልጁ ያበጠ ገላ እንጂ የሚታይ ደም የለውም፡፡ ምን አደረገ መሰላችሁ? እብጠቱን በገዛ እጁ ከፍቶ ደሙን አፈሰሰው፡፡ እንዲያዩለት! መመታቱን ለማስመስከር ራሱን አቆሰለ እኮ ነው፡፡

ብዙም ሳይቆይ ሃምና አምስት ጓደኞቹ አንዲት የልብስ ነጋዴ ገድላችኋል ተብለው ተከሰሱ፡፡ በ1965 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፡፡ «የሀርለም ስድስቱ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፡፡ ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ ገንዘብ ለማሰባሰብ በ1966 ኒውዮርክ፣ ታውን ሆል አዳራሽ ዝግጅት ሲሰናዳ፣ ጸሐፊው ትሩማን ኔልሰን የሰዓታት ቅጂ ተሸክሞ ስቲቭ ራይክ ዘንድ ሄደ፡፡ ራይክ ያኔ ስም ያላወጣ ወጣት ሙዚቀኛ ነው፡፡ ቅጂውን በነፃ ሊያቀናብር ተስማማ፤ በምትኩ ከውስጡ ደስ ያለውን ቁራጭ ወስዶ የራሱን ሥራ ሊሠራበት፡፡

ከዚያ ሁሉ ክር የመረጠው ሃም ስለ ደሙ የተናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፡፡ የሥራው ስም «ከም አውት» ነው፡፡ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ ሙሉዋን ሦስት ጊዜ ትሰማለች፡፡ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ አምስት ቃላት ብቻ ይሽከረከራሉ፡፡ አንዱ ድምፅ በሁለት ክር አብሮ ይነሳል፤ አንደኛው በጣም በጥቂቱ ይቀድማል፡፡ ልጅ ሳለን የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ ሲጎተት ትዝ አይላችሁም? እኛ ባትሪውን ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፤ ሰውዬው ከክሮች አለመግጠም ሙዚቃ አወጣ፡፡ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፡፡ መጨረሻ ላይ ቃሉ ይጠፋል፡፡ የሚቀረው የሚያፏጭና የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፡፡

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚከነክነኝ፡፡ ልጁ ደሙን ያፈሰሰው እንዲያዩት፣ አፉን የከፈተውም እንዲሰሙት ነው፡፡ ታዲያ ቃሉ እንዳይሰማ አድርጎ መፍጨት ምን ይባላል? አንዳንዱ ይኼማ የልጁን ምስክርነት መብላት ነው ይላል፡፡ አልፈርድም፤ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ፡፡ አንድ ጊዜ የታሰረ ልጇን የምታፈላልግ እናት አንድ ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች ነገረችኝ፡፡ ቀዳሁት፡፡ ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን ሁለት መስመር ነው፤ ቦታ የለም ተባልኩ፡፡ የእኔን ሁለት መስመር ዛሬ የሚያስታውስ የለም፡፡ የሃም አምስት ቃላት ግን ይኸው ከስድሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብተው እያነታረኩን ነው፡፡ ስለዚህ እኔ ወደ ራይክ አደላለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፡፡

ፍርዱ በ1968 በይግባኝ ተሻረ፡፡ ሃም ግን ከእስር የወጣው በ1974 ነው፡፡ ያን ጊዜ ድምፁ በሸክላ ታትሞ ከወጣ ቆይቷል፡፡

በሉ አሁን ልክፈተው፡፡ አሥራ ሦስት ደቂቃ ግድም ነው፡፡ በሩን ዝጉልኝ እስቲ፣ የታክሲው ጩኸት እንዳይገባ፡፡