አንድ ሶፍትዌር፣ ልዩ ልዩ አጫጫን፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ



ከደጀን ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ቢቸናን አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ያቀናል። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ወረዳዎች ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ በሆነው በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ይገኛሉ። በመዋቅር ሠንጠረዥ ላይ ሲታዩ እኩያሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በአውራ ጎዳናው ለሚጓዝ ሰው ለቢቸና የምትቀርበው ደብረ ማርቆስ ስትሆን፣ ለሞጣ ግን 120 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባሕር ዳር ናት። ይህ የመንገድ ጉዳይ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ምኑ ነው የሚል አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን ወደ ኋላ ይመጣል።

እንደሚታወቀው ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን በጀት ራሳቸው ደልድለው እንዲያስተዳድሩ ተደርጓል። ከዚህም የተነሣ የመምህሩ፣ የጤና ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሆነ። አሠራሩም ፑል በሚባለው ዘዴ የተደራጀ ስለነበር፣ ጥቂት የሒሳብ ሠራተኞች የብዙ መሥሪያ ቤቶችን መዝገብ በአንድ ክፍል ውስጥ ይይዙ ነበር። ይህን ሁሉ በመዝገብ ደብተር ብቻ መወጣት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዘው ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት አማካይነት ኢቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር ተሠራ። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኦራክል ላይ የተመሠረተው ኢፍሚስ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ በኋላም፣ ኢቤክስ በክልልና በወረዳ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

በዚያው ዘመን የተዘረጋው ወረዳኔት ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር እንዲያገናኝ የታቀደ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚቆም ስለሆነ፣ አንድ ጥያቄ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ቢያንስ ግማሽ ሰኮንድ ያልፋል። ለሥዕልና ለድምፅ ስብሰባ ይህ የሚቻል ነው። በየመስኩ ከማዕከሉ ሰርቨር ጋር ለሚነጋገር የሒሳብ ፕሮግራም ግን ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነው፤ ዝናብ ወይም የመብራት መቋረጥ ሲጨመርበት ደግሞ ትዕግሥትም አይበቃም። ስለሆነም አንዱን ሶፍትዌር በሁለት መልክ መጫን ግዴታ ይሆናል፤ መስመር አስተማማኝ በሆነበት መረጃው በማዕከል እንዲቀመጥ፣ ባልሆነበት ደግሞ በዚያው በወረዳው ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥና በየጊዜው እንዲላክ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚስተው ነገር አለ። ሁለት ዓይነት አጫጫን ሲያስፈልግ፣ ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር የተዘጋጀ ያህል ሁለት ጥቅል ይሠራል። ከዓመት በኋላ አንደኛው ታርሞ ሌላው ሳይታረም ይቀራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው የት እንደተጫነ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ ጥቅሉን አንድና የማይነካ አድርጎ፣ ልዩነቱን በሙሉ በተለየ የቅንብር ፋይል ማስቀመጥ ነው። በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ዘንድ የመጫኛውን ጥቅል ሳይለውጥ የምርጫዎቹን መልስ ብቻ የሚይዝ፣ ትራንስፎርም የሚባል ተደራቢ ፋይል አለ። ጥቅሉ አንድ፣ ተደራቢዎቹ እንደ ቡድኑ ብዛት ይሆናሉ።

ከቅንብሮቹ ሁሉ ከባዱ የመሥሪያ ቤቱ መለያ ቁጥር ነው። እንበልና በቢቸና አንድ ኮምፒዩተር በሚገባ ተጭኖ ተፈትኗል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የዲስኩ ግልባጭ ተወስዶ ሞጣ ላይ ቢጫን፣ ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል፤ ስሕተት የሚል ቃልም አያሳይም። ነገር ግን የሁለት እጁ እነሴ መምህራን ደመወዝ በእነማይ ስም ሲመዘገብ ይከርማል። ይህ የሚታወቀው ሁለቱ ሒሳቦች በበላይ መሥሪያ ቤት ሲጠቃለሉ ነው፤ ያን ጊዜ የአንደኛው ወረዳ በጀት ያለቀ፣ የሌላው ያልተነካ መስሎ ይታያል። ተጠያቂ የሚሆነውም ግልባጩን ያነሣው ቴክኒሽያን ሳይሆን ሰነዱን የፈረመው ሒሳብ ሹም ነው። በከተማ ስም መቧደንም ከዚህ አያድንም፤ ሞጣ ላይ የወረዳውና የከተማ አስተዳደሩ ሒሳቦች በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው የተለያየ መለያ አላቸውና።

የዘመን አቆጣጠሩ ቅንብርም እንደ ቀላል መታየት የለበትም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የዓመቱን መነሻ ጁላይ 1 ብሎ የተወ አጫጫን፣ ሰኔ 24 ከጁላይ 1 ጋር ስለሚገጥም፣ የሰኔን የመጨረሻ 7 ቀናት ወደ አዲሱ ዓመት ያሻግራቸዋል። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው እነዚያ 7 ቀናት ምን እንደሚመስሉ ያውቃል።

ወደ ቡድኑ አከፋፈል እንመለስ። ኮምፒዩተሮች ከማዕከል በሚተዳደሩበት ሥርዓት፣ ቡድን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከመዋቅር ሠንጠረዡ ላይ ተገልብጦ ነው፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ። በዚህ ስሌት ቢቸናና ሞጣ አንድ ቡድን ናቸው፤ ጥቅሉም ለሁለቱ ከአንድ ማከፋፈያ ይላካል። ነገር ግን ጥቅል የሚጓዘው በሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን በሽቦ፣ በሳተላይት፣ አለዚያም በመኪና ተጭኖ ነው። መለያ ቁጥሩና ቋንቋው መዋቅርን ይከተሉ፤ የመረጃው ማስቀመጫና የጥቅሉ መምጫ ግን መስመርን ይከተሉ። ሁለቱን በአንድ ቡድን አስሮ መያዝ የችግሩ ሁሉ ምንጭ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የሚታወቀው ግሩፕ ፖሊሲ ለየቡድኑ ሶፍትዌር የመጫን ችሎታ አለው። ሆኖም የመስመሩ ፍጥነት በሰኮንድ ከ500 ኪሎ ቢት በታች ሆኖ ካገኘው፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ሶፍትዌር መጫኑን ይተወዋል፤ ተጠቃሚው ፊትም ቀርቦ አልጫንኩም አይልም። በመሆኑም በአንድ ቡድን ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች ከፊሎቹ ታድሰው ከፊሎቹ በአሮጌው ይቀራሉ። ወሰኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከባዱ ጥቅል ቀጭኑን መስመር ቀኑን ሙሉ ይዘጋዋል። ለእንዲህ ያለው ስፍራ ጥቅሉ አስቀድሞ በዲስክ ተልኮ በአካባቢው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ማድረግና በመስመሩ ላይ ትንሹን የቅንብር ፋይል ብቻ ማሳለፍ ይበልጣል። በዚያው መሣሪያ ተደራቢ ፋይሉ የሚያያዘው ጥቅሉ ሲመደብ ብቻ ስለሆነ፣ በኋላ ለማረም ምደባውን እንደገና መጀመር ያሻል። አከፋፈሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሠራ ዘንድ የሚገባው ለዚህ ነው።

መስመር አለ ተብሎ የተያዘ ስፍራም መስመር ሊያጣ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበረ አይዘነጋም። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚዛወርበት መንገድ አብሮ ይታሰብ፤ መረጃው በማዕከል የነበረ ጽሕፈት ቤት በራሱ ኮምፒዩተር ለመሥራት አዲስ ጭነት ሳይሆን የቅንብር ለውጥ ብቻ ይበቃው ዘንድ። ዝውውሩም ሆነ እድሳቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሒሳቡ መዘጊያ ባሉት ሳምንታት ባይደረግ ይመረጣል።

የመጨረሻው ሥራ በኮምፒዩተሩ ፊት የሚደረግ ነው። ጭነቱ እንዳበቃ የሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ የመሥሪያ ቤቱን ስምና መለያ ከስክሪኑ ላይ አንብባ ከማኅተሙ ጋር ታመሳክር፤ በሰኔ 30 እና በሐምሌ 1 ቀን ሁለት የሙከራ ሰነዶችን መዝግባ በየትኛው የበጀት ዓመት እንደወደቁ ትመልከት፤ ከዚያም ትሰርዛቸው። 10 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ቴክኒሽያኑም የርክክቡን ቅጽ የሚያስፈርመው ሁለቱ ሰነዶች በየዓመታቸው መግባታቸውን ከእርሷ ጋር ካየ በኋላ ይሆናል።