ስለ መውጫና መመለሻ መዝገብ

 

የመዝናኛ ጀልባ ክለብ ማለት ለንግድ ወይም ለዕለት ጉርስ ሳይሆን ለስፖርት፣ ለመዝናናትና ለወዳጅነት ሲሉ ወደ ውኃ የሚወጡ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው የክለቡ ሀብት ጀልባዎቹና ሞተሮቹ ይመስሉታል፤ አባል ሆኖ ጥቂት ወራት የቆየ ሰው ግን የክለብ ሕይወት አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በውኃው ላይ ሳይሆን በዳርቻው መሆኑን ይገነዘባል። ቅዳሜ ጠዋት የጀልባው ሆድ ይታጠባል፣ የሞተሩ ካንዴላ ተፈትቶ ይጠረጋል፣ ቤንዚኑ ከዘይቱ ጋር በልኩ ይቀላቀላል፣ የላላ ገመድ ይፈተሻል፤ በመካከሉ ቡና ይፈላል፣ መዋጮ ያልከፈለውም በዚያው ይነሣበታል። በዚህ ረገድ የጀልባ ክለብ ከሁሉ ይልቅ የሚመስለው እድርን ነው፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ የደረሰበት ይረዳል፤ ልዩነቱ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ሲሰበሰብ ክለብ ግን ሰው ከመሞቱ በፊት መሰብሰብ ያለበት መሆኑ ነው። የዚህ የምረቃ ንግግር ጉዳይም ይህ ልዩነት በምን እንደሚጠበቅ ማሳየት ሲሆን፣ ተጋባዡ ተናጋሪ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በመዝገብ ቤት ያሳለፈ ሰው በመሆኑ መልሱን ከመዝገብ ውጭ እንደማይፈልገው አዘጋጆቹ ሲጋብዙት ሳይገምቱ አይቀሩም።

የዚህ ክለብ ውኃ የሆነው ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ይህን ያህል ሰፍቶም ጥልቀቱ ከሁሉ በሚጠልቀው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያለ ዕረፍት ያንገላታል። ሐይቁ በማለዳ ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መልኩን ይለውጣል፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልም ሆነ ራቅ ወዳለው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት መነሣትን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። የማለዳውን ጸጥታ አይቶ የወጣ ጀማሪ የሚመለሰው በሌላ ሐይቅ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጀልባ አነዳድና በነፍስ አድን ሥልጠና የሚመረቁት ወጣቶች ይህን በተግባር ስላዩት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ላይፍ ጃኬትን በሚመለከትም በወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት የወንበሩን እንጂ የሰውን ሕይወት እንደማያድን አሠልጣኞቻቸው ደጋግመው ነግረዋቸዋል።

በዚህ ዳርቻ የሰው መውጣትና መመለስ መቆጣጠሪያ ወረቀት ከመምጣቱ በፊትም ነበረው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ ደንገሉ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አንዱ ነዶ ከሌላው ጋር በገመድ ይሰፋል። ሥራው በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳ ከዋለበት ሲወጣ ከባድ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ዳር ይጎትተውና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ በማቆም ውኃው ተንጠፍጥፎ እስኪደርቅ ይተወዋል። ተናጋሪው በልጅነቱ እንዳየው፣ ከዘጌ ማገዶ ጭነው የመጡትና ዓሣ ሲያጠምዱ የዋሉት ታንኳዎች አመሻሽ ላይ በተርታ ይቆማሉ፤ ከሥራቸው እርጥብ አሸዋ ላይ ውኃው በቀጭኑ እየወረደ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ እናቶችም እንስራቸውን ሊሞሉ ሲወርዱ ተርታውን በዓይናቸው ይቆጥሩና አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያውቁታል። ማንም መዝገብ ብሎ ባይጠራውም ያ ተርታ ሙሉ መዝገብ ነበር። አንባቢዎቹ ሁሉንም ታንኳና ሁሉንም ባለታንኳ ስለሚያውቁ አንድ ሰው ቀርቶ ሳይታወቅ አያድርም። ከተማው ሲያድግ፣ ሞተር ሲበዛ፣ እንግዳው ከነዋሪው ሲልቅ ግን ዓይን ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለፈ፤ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ወፍራም ደብተር የተተካው በዚያ ተርታ ቦታ ነው።

የመውጫና መመለሻ መዝገብ አሠራሩ ቀላል ነው። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት የነጂው ስም፣ የተሳፋሪዎቹ ስም፣ የጀልባው መለያ፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የወጣበት ሰዓትና ይመለሳል የተባለበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሲመለስ የተመለሰበት ሰዓት ተሞልቶ ይፈረማል። ተረኛው ከተባለው ሰዓት በኋላ ያልተሞላ መስመር ካየ ስልክ ይደውላል፣ መልስ ካጣ ጀልባ ያስነሣል። መዝገቡ ሰው የሚያድነው ሰው ስለጻፈበት አይደለም፤ የሚያድነው ባዶ የቀረው አምድ አንድን ሌላ ሰው ከወንበሩ ስለሚያስነሣው ነው። በውቅያኖስ መርከቦች ላይ ይህን የመሰለ የጉዞ መዝገብ መያዝ ግዴታ ሲሆን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ተምረው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያንም ተረኛ በሆኑ ቁጥር የሚከተሉት ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ የመዝናኛ ጀልባ መዝገቦች ሲገለጡ የሚታየው ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ተግሣጽ ቢቀላቀል ተመራቂዎቹ ይቅር እንዲሉ ይጠበቃል። በብዙ ገጾች ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፍና «እና ሌሎች 4» ይባላል። «ሌሎች» የሚባል ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ቢጠፋ የሚደወልለት ቤተሰብ የለውም፣ ቢገኝም ማንነቱ የሚረጋገጥበት የለውም። ሌላው በቅጽል ስም መፈረም ነው፤ «አቡሽ» ብሎ የፈረመ ሰው በዚህ ከተማ ካሉት አቡሾች የትኛው እንደሆነ በጭንቅ ሰዓት ማን ይለያል? ሦስተኛው የሰዓት ነገር ሲሆን በተለይ እንግዳ በሚበዛበት በጣና ላይ ከሁሉም የከፋ ነው። ኢትዮጵያዊው ነጂ «በ10 ሰዓት እንመለሳለን» ሲል ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው፤ የውጭ አገር እንግዳው ግን ያንኑ ሰዓት በራሱ አቆጣጠር 4 ብሎ ይጽፈዋል። ተረኛው ያንን 4 በአገሩ አቆጣጠር ካነበበው ጠዋት ላይ ይመለሳል የተባለ ጀልባ ጠፋ ብሎ በከንቱ ይደናገጣል፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ ደግሞ የዘገየ ሁሉ የሰዓት ስሕተት እየመሰለው መደንገጡን ይተዋል፤ ይህኛው ይብሳል። መፍትሔው አንድ ተጨማሪ አምድ ማስመርና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ብቻ ነው፤ ከአንድ ማስመሪያ በላይ ወጪ የለውም።

መዝገብን ያለመጻፍ ጉዳት ግልጽ ቢሆንም ሐሰት የመጻፍ ጉዳት ግን ከዚያም እንደሚከፋ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ፤ በዚህ ንግግር ከድርሻው በላይ ቦታ ቢወስድም መተረክ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ማንም ሳይረዳው፣ በየትኛውም ወደብ ሳያርፍ፣ ብቻውን በሸራ ጀልባ ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት አዘጋጀ፤ አንደኛ ለሚመለሰው «ወርቃማ ሉል» የተሰኘ ዋንጫ፣ በፍጥነት ለሚልቀው ደግሞ 5,000 ፓውንድ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ዶናልድ ክሮኸርስት ይባል ነበር። ለመዝናኛ ጀልባ ነጂዎች የሬዲዮ መሣሪያ እየሠራ የሚሸጥ፣ ራሱም የሰንበት ጀልበኛ የሆነ፣ ውቅያኖስ ግን ያልለመደ ሰው ነበር። የመነሻው ቀነ ገደብ በሆነው በኦክቶበር 31 ቀን፣ ገና ተሠርታ ያላለቀችውን ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባውን ይዞ ከቲንማውዝ ወደብ ወጣ።

ጀልባዋ ውኃ ማስገባት ስትጀምር ወደ ደቡቡ ታላቅ ውቅያኖስ መግባት ሞት መሆኑን ተረዳ፤ ቢመለስ ደግሞ ንብረቱንና ስሙን ያጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ትቶ በአትላንቲክ ላይ እየዋለለ፣ ያልደረሰበትን ደረስሁ የሚል መልእክት በሬዲዮ ይልክ ጀመር፤ በአንድ ቀን 243 ማይል ተጓዝሁ ያለበትም ጊዜ ነበር። ጋዜጦች አደነቁት፤ ቀደም ሲል ዓለምን ብቻውን የዞረው ሰር ፍራንሲስ ቺቼስተር ግን ነገሩን ተጠራጠረ። በማርች ወር ክሮኸርስት የውድድሩን ሕግ ጥሶ ጀልባውን ለመጠገን በአርጀንቲና ዳርቻ ወረደ፤ ይህን ማንም አላወቀም።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የሐሰቱ መልእክት ሌላ ሰው መጉዳቱ ነው። ናይጀል ቴትሊ የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ዓለምን ዞሮ ሊጨርስ ተቃርቦ ሳለ፣ ክሮኸርስት በፍጥነት እየተከተለው መሆኑን በመስማቱ የተዳከመችውን ጀልባውን ያለ ርኅራኄ አስሮጣት፤ በሜይ 1969 በአዞረስ ደሴቶች አቅራቢያ ተሰብራ ሰጠመች፣ እሱ ግን ተረፈ። የቴትሊ ጀልባ የሰጠመችው በሌለ ተፎካካሪ ነው ማለት ይቻላል። ክሮኸርስትም ቴትሊ ከውድድሩ ሲወጣ የፍጥነቱ ሽልማት የራሱ እንደሚሆን፣ አሸናፊ ከሆነ ደግሞ የጉዞ መዝገቡን ዳኞች ገጽ በገጽ እንደሚመረምሩት ተገነዘበ። ለመሸነፍ እየጸለየ ማሸነፍ የግድ ሆነበት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መዝገቡ ከአቅጣጫና ከነፋስ ይልቅ በተዘበራረቀ ፍልስፍና ተሞላ፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ጁላይ 1 ቀን 1969 የተጻፈ ሲሆን፣ በጁላይ 10 ጀልባዋ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። እውነተኛ ቦታውን የመዘገበባቸው ደብተሮች በውስጧ ስለነበሩ የተደበቀው ሁሉ ከዚያ ታወቀ። ውድድሩን የፈጸመው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ነበር፤ በ312 ቀናት ዞሮ ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ፋልመዝ ገባ፤ 5,000 ፓውንዱንም ለክሮኸርስት ባለቤትና ልጆች ሰጠ።

የጣና መዝገብ ይህን ያህል አይከብድም ይባል ይሆናል። ሆኖም ከተመለሱ በኋላ ተቀምጦ በግምት የተሞላ ሰዓት፣ ወይም ወደ ዘጌ ብሎ ጽፎ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ከዚያው ዓይነት ነው፤ አንድ ቀን ፈላጊው ጀልባ በተጻፈው አቅጣጫ ሄዶ ነዳጁን ይጨርስና የጠፋው በሌላ ወገን ይቀራል። ሐሳብ መለወጥ ነውር አይደለም፤ ለተረኛው በስልክ አሳውቆ ማስተካከል ይቻላል።

እውነተኛ መዝገብ ከዚህ ያለፈ ጥቅምም አለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ አረም፣ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ፣ ከነፋስ ጋር እየተንሳፈፈ ቦታ ስለሚለዋውጥ የጀልባ ፕሮፔለር ያንቃል፣ መንገድም ይዘጋል። በየሳምንቱ ወደ ሐይቁ የሚወጡ ጀልበኞች ያዩበትን ቦታና ቀን በመዝገቡ የመጨረሻ አምድ ቢያሰፍሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንም ባለሙያ የሚመኘው ማስረጃ በእጃቸው ይሆናል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነውና ይህን ማስረጃ የሚፈልግ አይጠፋም። ታንኳ የሚሠሩ አረጋውያንም የሐይቁን ጠባይ ከማንም ይልቅ ያውቃሉና ክለቡ ጋብዞ ቢያስተምርባቸው፣ የሚናገሩትንም ጸሐፊ አስቀምጦ ቢያስጽፍ መልካም ነው፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እንደገና መዝገብ ላይ መድረሱ ከተናጋሪው ሙያ የመጣ አመል ነውና አድማጮች ይታገሡት።

ተመራቂዎቹ የምስክር ወረቀታቸውን በኩራት ሊሰቅሉት ይገባቸዋል፤ በቀዘፋ፣ ገመድ በማሰርና ሰው ከውኃ በማውጣት የታየው ብቃታቸው የሚያስመሰግን ነው። ለክለቡ የሚቀርበው አቤቱታ ግን አጭር ነው፦ መዝገቡ ቁልፍ ካለው ቢሮ ወጥቶ ከመሳፈሪያው በር ላይ ይቀመጥ፤ ቀለም በውኃ ስለሚሟሟ እርሳስ በክር ይታሰርበት፤ ተረኛም በየዕለቱ በስም ይመደብ። ዛሬ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በሚደረገው የሐይቅ ሽርሽር የሚሳተፍ ሁሉም ሰው፣ የክብር እንግዶችን ጨምሮ፣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የቤተሰቡን ስልክ ቁጥርና የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ሳይጽፍ ወደ ጀልባው እንዳይገባ ተመራቂዎቹ በሩ ላይ ቆመው እንዲያስከብሩ ይጠየቃሉ።