ከአራዳ ገበያ እስከ ብሔራዊ ባንክ



እኛ የሐሙሲት ሰዎች ገበያ ለከተማ ስም እንደሚያወጣ እናውቃለን። ስለዚህም የአዲስ አበባን ጥንታዊ የገንዘብ ሠፈር ለእንግዳ ሳስጐበኝ፣ ከባንክ ሕንፃ አስቀድሜ የቀድሞው ገበያ ወደነበረበት ወደ አራዳ ጊዮርጊስ እወስደዋለሁ። በዚያ ገበያ አሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር መገበያያ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን በ1898 ዓ.ም. መርቀው ቢከፍቱም፣ ብሩን በእጁ መዝኖ መቀበል የለመደውን ነጋዴ በወረቀት ማሳመን ቀላል ሥራ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. ይኸው ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ።

ከዚያ የቸርችልን ጎዳና ይዘን ቁልቁል እንወርዳለን። የጉዟችን መድረሻ በ1956 ዓ.ም. ተለያይተው ሥራ የጀመሩት ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ናቸው።

ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈር ብዙው ክፍል ፈርሷል። እንግዳው «ሱቆቹ የት አሉ?» ብሎ ሲጠይቀን የምናሳየው አዲሱን መንገድ ነው። ግንቡ ሲፈርስ ምስክርነቱ በአስጐብኚው ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የነበረውን በዓመተ ምሕረቱ እንናገር፤ ያልነበረውን ለማሳመር ስንል አንጨምር።