«መሬት ላራሹ» ሲባል ሴቷስ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» የሚል መፈክር ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ፣ የግራ ፖለቲካን የተከተሉ ወጣቶች ነበሩ። የገበሬው፣ የብሔረሰቦችና የሴቶች እኩልነት የትግላቸው ጥያቄዎች ሆኑ። ብዙዎቹም ሕይወታቸውን ከፍለዋል። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ። ዋለልኝ መኮንንና የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራቱ በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከጓደኞቻቸው ጋር ሞቱ። ከዚያም በኋላ በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ብዙ ነው። የመረጡትን መንገድ ሁሉም ላይደግፈው ይችላል፤ ያነሱት ጥያቄ ግን እውነተኛ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ ማንኛውም ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው የጾታ ልዩነት ሳይደረግበት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት በቅጥር ሠራተኛ እንድታሳርስም ፈቀደ።

በዚህ አካባቢ ግን ነገሩ የራሱ መልክ ነበረው። በቀድሞው በጌምድር ርስት ከአባትም ከእናትም ይወረስ ስለነበር ሴቷ ባለርስት ትሆን ነበር። ሆኖም እርፍ የሚጨብጠው ወንድ ነው ተብሎ ስለተወሰነ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥ ነበር። ከአዋጁም በኋላ መሬት ሲደለደል በአብዛኛው የተጻፈው የአባወራው ስም ነው። «አራሹ» ሲባል ሰው ሁሉ የሰማው ወንዱን ነበር።

እርፍ መጨበጥ የተፈጥሮ ግዴታ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሥራችነት በተቋቋመው የፎገራው አውራ አምባ ሴቶች ያርሳሉ፤ ወንዶችም ያበስላሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በመሬት ላይ የሴቶችን እኩል መብት አረጋግጧል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ምዝገባም የባልና የሚስት ስም በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ ሰፈረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

የቀረው የማኅበሩ መዝገብ ነው። ከ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ጀምሮ የኅብረት ሥራ አባልነት በጾታ አይለይም፤ ዕጣው ቢበዛም ባያንስም የአንድ አባል ድምፅ አንድ ነው። ዘር የምትመርጠው፣ የምታርመውና የምታጭደው እማወራ ግን በባሏ ስም ብቻ ከቆየች በጠቅላላ ጉባኤ አትመርጥም፤ ለሥራ አመራር ኮሚቴም አትመረጥም። የትርፍ ክፍፍል ሲደርስም የሚጠራው የእሷ ስም አይደለም።

በመሆኑም እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከቀጣዩ ጉባኤ በፊት መዝገቡን ገልጦ ይመልከት። ባል ሚስቱን ዕጣ አስገዝቶ ያስመዝግብ፤ ባል የሌላትም ሴት እንድትገባ ኮሚቴው ቤቷ ድረስ ሄዶ ይጋብዛት። ጉባኤውም ሴቶች ሊመጡ በሚችሉበት ሰዓት ይጠራ። ከተማሪዎቹ ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል፤ ቀሪው ግማሽ በማኅበሩ ጸሐፊ እስክሪብቶ ይመለሳል።

መልካም የምሥረታ በዓል!